ፊርማ ለማሰባሰብ ሲወጡ፦ በወረቀቱ ላይ ማን ይፈርም፣ ማን አይፈርም?

ጥያቄ፦ «የምኖረው በደቡብ ሲያትል ነው። ዜግነት ያገኘሁት ባለፈው ዓመት ነው። ስለ መኖሪያ ቤት ጉዳይ የከተማው ሕዝብ ድምፅ እንዲሰጥበት ፊርማ የሚያሰባስቡ ሰዎች በበጎ ፈቃድ እንድረዳቸው ጠየቁኝና ደስ ብሎኝ እሺ አልኩ። ባለቤቴ ግን ገና ግሪን ካርድ ላይ ነው፤ ‹በሰው አገር የፖለቲካ ወረቀት ተሸክመሽ አትዙሪ፣ እኔንም ታስነኪኛለሽ› ይለኛል። እውነት እሱን የሚጎዳው ነገር አለ? አብሮኝስ ቢወጣ? በቤተ ክርስቲያናችን በር ቆሜ ማስፈረም ይፈቀዳል? እንግሊዝኛዬም እንደ ልብ አይደለም፤ ሰው ቢጠይቀኝ ምን እመልሳለሁ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። የእርስዎ ፊርማ ማሰባሰብ የባለቤትዎን የኢሚግሬሽን ጉዳይ አይነካም። እሳቸውም አብረውዎት ወጥተው ጃንጥላ ቢይዙ፣ ወረቀት ቢያቀብሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ቢሉ የዋሽንግተን ስቴት ሕግ አይከለክላቸውም፤ አሰባሳቢው የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት የሚል ድንጋጌ እዚህ የለም። ኮሎራዶ እንዲህ ያለ ግዴታ አውጥታ ነበር፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1999 ሽሮታል። ባለቤትዎ ፈጽሞ ማድረግ የሌለባቸው አንድ ነገር መፈረም ነው። ከጥያቄዎ ሁሉ ክብደት ያለው ይህ ስለሆነ ከታች ሰፋ አድርጌ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በፊት ግን ሥራው ምን እንደሆነ እንግባባ። አብዛኛው በጎ ፈቃደኛ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚያስበው «ዛሬ ስንት ሰው አስፈረምኩ?» ብሎ ነው። እኔ በኪንግ ካውንቲ ለዓመታት በጎ ፈቃደኞችን ሳሠለጥንና ሞልተው ያመጡትን ወረቀት ሳጣራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ገና ገጹን ስገልጥ የማየው የመስመሩን ብዛት አይደለም። ምርጫ ቢሮ ሲደርስ የትኛው መስመር እንደሚወድቅ ነው የማየው። ፊርማ ማሰባሰብ ማለት ማጣራቱን የሚያልፍ ፊርማ ማሰባሰብ ማለት ነው። የቀረው ድካም ነው፤ የእርስዎም የፈራሚውም።

ቁጥሩን ላሳይዎት (ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች ነው)። በዋሽንግተን ሕዝቡ ራሱ ሕግ አርቅቆ ለድምፅ የማቅረብ መብት ያገኘው በ1912 በተደረገ የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በስቴት ደረጃ አንድ ኢኒሺየቲቭ (እንዲህ ያለው የሕዝብ ረቂቅ ሕግ) ለድምፅ እንዲቀርብ፣ ባለፈው የስቴቱ ገዥ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 8 ከመቶውን የሚያህል የተመዘገበ መራጭ ሊፈርምበት ይገባል። ከ2024ቱ ምርጫ በኋላ ይህ 308,911 ፊርማ ሆኗል። ሆኖም ሥራውን የሚመራው የስቴቱ ሴክሬታሪ ኦፍ ስቴት ቢሮ ቢያንስ 386,000 ያህል ይዛችሁ ኑ ብሎ ይመክራል። ልዩነቱን ይዩት፤ ከአምስት ፊርማ አንዱ ይወድቃል ብሎ አስቀድሞ እየተዘጋጀ ነው። የእርስዎ ግን የከተማ ነው። በሲያትል የሚፈለገው ባለፈው የከንቲባ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ 10 ከመቶ ሲሆን ጊዜው 180 ቀን ነው። ማኅበራዊ ቤቶችን የሚመለከተው ኢኒሺየቲቭ 135 በ2022 ሲሰባሰብ 26,520 ፊርማ ያስፈልገው ነበር። በጎ ፈቃደኞቹ ከዚያ በላይ ይዘው ሄዱ፤ ሲጣራ ጎደለ። ደግነቱ የከተማው ሕግ የጎደለውን ለመሙላት ተጨማሪ 20 ቀን ይሰጣል፤ በእሱ ሞልተው በፌብሩዋሪ 2023 ለድምፅ ቀረበና አለፈ። እነዚያ 20 ቀናት ባይኖሩ ኖሮ የግማሽ ዓመት ልፋት ገደል ይገባ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ለጀማሪ ሁሉ የምነግረው የሲታክ ከተማን ታሪክ ነው። ሲታክን ያውቋታል፤ ኤርፖርቱ ያለባት፣ የእኛም የሶማሌም ሰው ሻንጣ ሲጭን፣ ዊልቸር ሲገፋ፣ ታክሲ ሲነዳ የሚውልባት። በ2013 የኤርፖርትና የሆቴል ሠራተኞች ደመወዝ በሰዓት ቢያንስ 15 ዶላር እንዲሆን ፊርማ ተሰባሰበ። የሚፈለገው 1,536 ነበር። ተቃዋሚዎቹ ፍርድ ቤት ሄደው ፊርማዎቹን አንድ በአንድ መረመሩ። ያን ጊዜ እንዲህ ላሉ ከተሞች የወጣው የስቴት ሕግ ሁለት ጊዜ የፈረመ ሰው አንዱ ፊርማው ይቆጠርለት አይልም፤ ሁለቱም ይሰረዙ ይላል። በኦገስት የካውንቲው ዳኛ በዚህ ሕግ መሠረት 61 ፊርማ ሰረዙ። የቀረው ሲቆጠር 18 ፊርማ ጎደለ። አሥራ ስምንት! ጉዳዩ ከድምፅ መስጫው ወረቀት ሊወጣ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ደርሶ የመጀመሪያውን ፊርማ ጭምር መሰረዝ የመራጩን ሕገ መንግሥታዊ መብት ይነካል ብሎ ባይሽረው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሕዝቡ በኖቬምበር ድምፅ ሰጠ፤ ድጋሚ ተቆጥሮ በ77 ድምፅ ብቻ አለፈ። ኤርፖርቱ ግቢ ውስጥ ያሉት ሠራተኞች ደግሞ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እስኪወስንላቸው እስከ 2015 ጠበቁ።

ሁለቴ የሚፈርም ሰው አጭበርባሪ ነው ብለው እንዳያስቡ። አብዛኛው ደግ ሰው ነው። ሰኞ በሥራ ቦታው የፈረመውን ይረሳል፣ ወይም ያኛው ወረቀት የሌላ ጉዳይ ይመስለዋል፣ ወይም እርስዎን ማሳፈር አይፈልግም። የእኛ ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለበት፤ «ፈርሜያለሁ» ከማለት መፈረሙ ይቀለዋል። ስለዚህ እስክሪብቶውን ከመስጠትዎ በፊት «በዚህ ጉዳይ ከዚህ በፊት ፈርመዋል?» ብለው ይጠይቁ። ከተጠራጠረ አያስፈርሙ። በስቴት ደረጃማ ድግግሞሽ የባሰ ያስከፍላል፤ ሁሉም ፊርማ አንድ በአንድ ከመታየቱ በፊት ናሙና ወጥቶ ሊፈተሽ ይችላል። ናሙናው 3 ከመቶ ቢሆን፣ አንድ ሰው የፈረመባቸው ሁለት መስመሮች ሁለቱም ናሙናው ውስጥ የመግባት ዕድላቸው ከ10,000 ዘጠኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ናሙናው ውስጥ አንድ ጥንድ ከተገኘ፣ በጠቅላላው ክምር ውስጥ ከ1,000 በላይ ድግግሞሽ እንዳለ ይገመታል። አንድ የይሉኝታ ፊርማ የሺህ ሰው ዋጋ ያስከፍላል።

አሁን የእኛን ሰው ወደሚጥሉት ነገሮች ልምጣ። ይህን በእንግሊዝኛ የሚሰጠው ሥልጠና ላይ አይነግሩዎትም።

የመጀመሪያው ስም ነው። ምርጫ ቢሮ ያለው ሠራተኛ መስመሩን የሚያመሳክረው ከመራጮች መዝገብ ጋር ነው፤ ስሙን ይፈልጋል፣ ከዚያ ፊርማውን ፋይል ላይ ካለው ጋር ጎን ለጎን ያያል። ጽጌን፣ ዮሐንስን፣ ፀሐይን በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት እንደምንጽፋቸው ያውቃሉ። መዝገቡ ላይ ያለው ግን አንዱ ብቻ ነው፤ መንጃ ፈቃዱ ወይም የዜግነት ሰርተፊኬቱ ላይ እንደተጻፈው። ሠራተኛው አማርኛ አያውቅም፤ ‹ይኼና ያ አንድ ስም ነው› ብሎ አይገምትልዎትም። የአያት ስምም አለ። አንዳንዱ መዝገብ ላይ የአያቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ገብቶ፣ ወረቀቱ ላይ ግን እንደለመደው የራሱንና የአባቱን ብቻ ጽፎ ይሄዳል። እኔ የማስተምረው እንዲህ ነው፦ ሰውየው ሊጽፍ ሲል «መንጃ ፈቃድዎ ላይ እንዳለው ይጻፉልኝ» ይበሉ። ካላስታወሰ አውጥቶ ይየው። መታወቂያ የመጠየቅ ሥልጣን እንደሌለዎት ግን ያስታውሱ፤ ለራሱ እንዲያይ ነው እንጂ ለእርስዎ እንዲያሳይ አይደለም።

ፊርማውም እንዲሁ ነው። ብዙዎቻችን በመራጭነት የተመዘገብነው መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ነው፤ ፋይል ላይ ያለውም ያን ቀን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ የፈረምነው ነው። አንዲት እናት ያን ቀን በአማርኛ ፊደል ፈርመው ከሆነ ወረቀትዎም ላይ በአማርኛ ይፈርሙ። «እዚህ በእንግሊዝኛ ነው መሰለኝ» ብለው ልጃቸው ያስተማራቸውን አዲስ ፊርማ ከሞከሩ ይወድቃል። የቀን ዓምድ ካለ ወሩን ያስቀድሙ፣ ዓመቱ የፈረንጅ ይሁን። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ወረቀት ላይ ቀኑና ወሩ ተገለባብጦ አይቻለሁ።

ሁለተኛው፣ ከሁሉ የከፋውም፣ ለሌላ ሰው መፈረም ነው። በእኛ ቤት አባት ለቤተሰቡ ሁሉ ቢፈርም ነውር የለውም። «የሚስቴንም እኔ ልጻፍላት፣ እሷም ትደግፋለች» የሚል ሰው ያጋጥምዎታል፤ ክፋት የለበትም። ሕጉ ግን ይህን የሌላ ሰው ፊርማ አስመስሎ መፈረም ነው ይለዋል፤ በዋሽንግተን ይህ ከባድ ወንጀል ነው፣ እስከ አምስት ዓመት እስራትና እስከ 10,000 ዶላር ቅጣት ያስከትላል። ፈራሚው የሚፈርምበት ወረቀት አናት ላይ እንኳ «ይህን እኔ ራሴ ፈርሜያለሁ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፈርሜያለሁ» የሚል ቃል አለ። ስለዚህ እንዲህ የሚልዎት ሰው ሲገጥምዎ እስክሪብቶውን በትሕትና ተቀብለው «ራሳቸው ሲመጡ እናስፈርማቸዋለን» ይበሉ። ሁለት መስመር በአንድ እጅ ጽሑፍ ከተጻፈ አጣሪው ወዲያው ያየዋል፤ ያን ጊዜ ጥያቄው ወደ እርስዎም ይመጣል።

ሦስተኛው አድራሻ ነው። እርስዎ ባሉበት አካባቢ ይህ ልዩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የከተማ ኢኒሺየቲቭ ላይ የሚፈርመው በከተማው ውስጥ የተመዘገበ መራጭ ነው። ስካይዌይ የሚኖር ሰው ፖስታው «ሲያትል 98178» ብሎ ይመጣለታል፤ ስካይዌይ ግን ሲያትል አይደለም፣ በየትኛውም ከተማ ውስጥ ያልተካተተ የካውንቲ መሬት ነው። ዋይት ሴንተርም እንዲሁ። ዚፕ ኮዱ 98168 የሆነ ሰው ፖስታው ሲያትል ቢልም ተክዊላ፣ ቡሪየን ወይም ሲታክ ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሰፈሮች የእኛ ሰው በብዛት የሚኖርባቸው ናቸው፤ ኪራይ ሲንር ከሴንትራል ዲስትሪክትና ከሬኒየር ቫሊ ወደ ደቡብ የተገፋው ሰው ሁሉ እዚያ ነው። «ሲያትል ነው የምኖረው» ሲልዎት እውነቱን ነው፤ ግን አይቆጠርም። «ለከንቲባ ስትመርጡ የሲያትልን ከንቲባ ነው የምትመርጡት?» ብለው መጠየቅ ከዚፕ ኮድ ይሻላል። ካልሆነ አመስግነው ይሸኙት።

አሁን ወደ ባለቤትዎ እንምጣ።

የዋሽንግተን የፊርማ ወረቀት የሚጀምረው «እኛ ከዚህ በታች የፈረምን የዋሽንግተን ስቴት ዜጎችና ሕጋዊ መራጮች» በሚል ቃል ነው። ስለዚህ ከእሱ በታች ስሙን የሚጽፍ ሰው አንድን ሐሳብ መደገፉን ብቻ እየተናገረ አይደለም፤ ዜጋ ነኝ እያለ ነው። ሕጋዊ መራጭ አለመሆኑን እያወቀ የሚፈርም ሰው በስቴቱ ሕግ ወንጀል ይሠራል። ለግሪን ካርድ ባለቤት ግን ትልቁ አደጋ የፌደራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ ነው፤ ያለ ዜግነት ዜጋ ነኝ ማለት ከአገር ለመባረር ምክንያት የሚሆንበት አንቀጽ አለው። የዜግነት ማመልከቻውም ‹ዜጋ ነኝ ብለህ ታውቃለህ? በመራጭነት ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?› እያለ ይጠይቃል። አንድ ሰው አስፈራሚውን ላለማሳዘን ብሎ የጫረው ስም ከዓመታት በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ ሊነሳበት ይችላል። ባለቤትዎ ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም፤ መሠረት አለው። ቦታው ግን ወረቀቱን ተሸክሞ መዞር አይደለም፣ ስምን ወረቀቱ ላይ ማስፈር ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ። ባለቤትዎ ከወጡ በእጃቸው የእርስዎን ወረቀት ይያዙ እንጂ የራሳቸው ወረቀት አይረከቡ። ሕጉ አይከለክልም፤ ይህ የእኔ ምክር ነው፣ ምክንያቱም ከወረቀቱ ጀርባ ያለው የአሰባሳቢው ቃል፣ ሰው ሁሉ በፈቃዱና በእውነተኛ ስሙ ፈርሟል የሚለው፣ የሚሰጠው በሕግ ተጠያቂነት ነው፤ የዜግነት ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ ሰው ያንን ለሌላ ቢተው ሰላም ያገኛል። ማመልከቻቸው ገብቶ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት በስህተት በመራጭነት ተመዝግበው ከሆነ ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። በተማሪ ቪዛ፣ በሥራ ቪዛ ወይም በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያለ ጓደኛም ካለ ምክሬ ይኸው ነው።

ይህ ግዴታ የእርስዎም ነው። በአማርኛ የሚያናግሩት ሰው ሁሉ ዜጋ አይደለም፤ ደግሞም የአገር ሰው ነዎት ብሎ እምነት ይጥልብዎታል። «የከተማው ምርጫ ላይ የተመዘገቡ ዜጋ ነዎት?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣ የመጀመሪያ ጥያቄ ይሁን። ብዙ ሰው ‹ወረቀት አለኝ› ሲል ግሪን ካርድ ማለቱ ነው፤ እዚያ ላይ አይሳቱ። ዜጋ ሆኖ ገና ያልተመዘገበ ከሆነ ዛሬ ኦንላይን ይመዝገብና በሌላ ቀን ይፈርም።

የት ይቁሙ? የሕዝብ የእግረኛ መንገድ፣ ፓርክ፣ የላይት ሬል ጣቢያዎቹ ዙሪያ ያለው የሕዝብ መንገድ፣ የሰፈር ገበያ ሁሉ ጥሩ ነው፤ መተላለፊያ እንዳይዘጉ ብቻ። ፖስታ ቤት በር ላይ አይቁሙ፤ በፖስታ ቤቱ ይዞታ ውስጥ፣ መግቢያው ድረስ ባለው የእግር መንገድ ጭምር፣ ፊርማ ማሰባሰብ በፌደራል ደንብ የተከለከለ ነው። ትልልቅ ሞሎችን በተመለከተ የዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 በሊንውድ ባለው የአልደርዉድ ሞል ጉዳይ የፊርማ አሰባሳቢዎችን መብት ጠብቋል፤ በ1999 ደግሞ ብቻውን የቆመ ሱፐርማርኬት እንደ ሞል አይታይም ብሏል። ስለዚህ ከአንድ ግሮሰሪ በር ላይ ሥራ አስኪያጁ ‹ሂጂ› ካለዎት ይሂዱ፤ የቃላት ጦርነት ፊርማ አያመጣም። ምርጫ እየተካሄደ ባለበት ሰሞን ደግሞ ከድምፅ መስጫ ሣጥን 25 ጫማ፣ ከመራጮች ማዕከል መግቢያ 100 ጫማ ይራቁ።

ቤተ ክርስቲያን የግል ይዞታ ነው፤ ከሰበካ ጉባኤው ፈቃድ ያግኙ። ‹ከግብር ነፃ የሆነ ተቋም ፖለቲካ ውስጥ አይገባም› ብለው ሊፈሩ ይችላሉ። ክልከላው ዕጩዎችን ይመለከታል፤ ለአንድ ሰው ወይም ለአንድ ፓርቲ መቀስቀስ አይቻልም። ኢኒሺየቲቭ ግን የሕግ ረቂቅ ስለሆነ የግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያየው እንደ ሕግ ማግባባት ነው፤ መጠኑን ካላለፈ ይፈቀዳል። ለመስጊድም እንዲሁ ነው። እኔ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፦ ካህኑ ከመድረክ «ሁላችሁ ፈርሙ» እንዲሉ አይጠይቁ። መራጭ ያለመፈረም መብት አለው፤ በማስፈራራትም በጫናም ያን መብት መንካት በዚህ ስቴት ወንጀል ነው። ከቅዳሴ በኋላ በሰው ፊት ‹እኔ አልፈርምም› ለማለት ለአንዲት አሮጊት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ እርስዎም ያውቁታል። ጠረጴዛዎን ከበሩ ራቅ አድርገው ያቁሙ፤ የፈለገ ይመጣል።

የቡና ነገርም አለ። ለፈረመ ሰው ማንኛውንም ነገር መስጠት ወይም ቃል መግባት በዋሽንግተን ወንጀል ነው፤ ይህም ከወረቀቱ ጀርባ ተጽፏል። «ፈርሙልኝና ቡና አለ» አይባልም። ጎረቤት ቤትዎ ቡና ሊጠጣ መጥቶ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ቢኖር ሌላ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱን ባይቀላቅሏቸው እመርጣለሁ። ሬስቶራንት ያላቸው ወዳጆች ‹ለፈረመ ቅናሽ እናድርግ› ቢሉዎት በፍቅር ያስቁሟቸው።

እንግሊዝኛዎ አያስጨንቅዎት። ጥሩ አሰባሳቢ ብዙ አያወራም። የሚያስፈልግዎ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። አንዱ «አር ዩ ሬጂስተርድ ቱ ቮት ኢን ሲያትል?» (በሲያትል በመራጭነት ተመዝግበዋል?) ነው። ሁለተኛው ጉዳዩ ስለ ምን እንደሆነ በአጭሩ የሚናገር ሲሆን የአስተባባሪዎቹን አጻጻፍ ወስደው በቃልዎ ያጥኑት። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሰው የሕጉን ሙሉ ቃል ራሱ ያንብብ። ይህን እንደ ማምለጫ አይዩት። በ2018 የጦር መሣሪያን የሚመለከተው ኢኒሺየቲቭ 1639 የሕጉ ጽሑፍ ከወረቀቱ ጀርባ በጣም ደቅቆ ስለታተመ አንድ ዳኛ ከድምፅ መስጫው እንዲወጣ ወስነውበት ነበር፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው የመለሰው። ሕጉ በወረቀቱ ላይ የሚታተመው ፈራሚው የሚፈርምበትን እንዲያውቅ ነው። ‹አንብቤ ልምጣ› የሚልዎትን ሰው አያጣድፉ፤ አንብቦ የተመለሰ ሰው ፊርማው ንጹሕ ነው።

በአማርኛ ሲያስረዱ ደግሞ ሕጉ የሚለውን ብቻ ይንገሩ። ‹ኪራይ ሊቀንስ ነው› ብሎ ማስፈረም ይቀላል፤ ሕጉ ያንን የማይል ከሆነ ግን የሰውን እምነት መስረቅ ነው፣ ያውም እንግሊዝኛውን ማንበብ የማይችል ሰው እምነት። ካላወቁ «ይህን አላውቅም፣ ጠይቄ ልንገርዎ» ይበሉ። የሚቃወም ሰው ከመጣም አይከራከሩ። እርስዎ እያሳመኑት ባሉበት አሥር ደቂቃ ውስጥ መፈረም የሚፈልጉ ሰዎች በጎንዎ አልፈው ይሄዳሉ።

አንድ ሌላ ፍርሃት አለ፤ ትላልቆቹ ዘንድ ያገኙታል። «ስሜ ዝርዝር ውስጥ ይገባል?» ይሉዎታል። በእኛ አገር በዝርዝር ስሙ ስለተገኘ ብቻ ልጁን ያጣ፣ የታሰረ፣ ከሥራ የተባረረ ሰው ሞልቷል፤ ቀበሌ የሚያስፈርመውን ወረቀት ፈርቶ የኖረ ትውልድ ነው። ‹አይዞዎት፣ ማንም አያየውም› ብለው አይዋሹ። በዋሽንግተን የፊርማ ወረቀት የሕዝብ ሰነድ ሊሆን ይችላል። በ2009 በተሰባሰበው ሬፈረንደም 71 የፈረሙ ሰዎች ስማቸው እንዳይገለጥ ተከራክረው፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ስሞቹን መግለጥ በአጠቃላይ ሕገ መንግሥቱን አይጻረርም ብሏል። እውነቱን ይንገሩዋቸው፦ ስምዎ በመንግሥት ቢሮ ይቀመጣል፣ የጠየቀ ሊያየው ይችላል፣ እዚህ ግን በመፈረምዎ የሚቀጣዎት የመንግሥት አካል የለም። ከዚያ ራሳቸው ይወስኑ። ያልፈረሙትንም በአክብሮት ይሸኟቸው፤ የሚሄዱበትን ምክንያት እነሱ ያውቁታል።

ቅዳሜ ሲወጡ ደረቅ ክሊፕቦርድ፣ ከእሱ ጋር የታሰሩ ጥቁር እስክሪብቶዎች፣ ለዝናቡ ሰፊ ፕላስቲክ ይያዙ። መስመር ከተበላሸ በአንድ ጭረት ሰርዘው ወደሚቀጥለው ይለፉ፤ አይደልዙ፣ አይለጥፉ። ፈራሚው የዘለለውን እርስዎ አይሙሉለት፤ ገና ሳይሄድ መልሰው ይስጡት። በሰዓት አሥር ጥሩ ፊርማ ካገኙ ጀማሪ ሆነው ጥሩ ሠርተዋል። ገጹ እስኪሞላ አይጠብቁ፤ ያለውን በየሳምንቱ ለአስተባባሪው ያስረክቡ፣ ምክንያቱም ቀድሞ የደረሰ ወረቀት ቀድሞ ይጣራል፣ ስህተትዎም በጊዜ ይነገርዎታል።

ወረቀቱን ሲረከቡም አስተባባሪዋን እነዚህን ይጠይቁ፦ ፊርማዎቹን ከማስረከባችሁ በፊት ከመራጮች መዝገብ ጋር የምታመሳክሩት ማን ነው? የእኔ ወረቀት ሲጣራ ስንቱ እንደወደቀና ለምን እንደወደቀ ይነገረኛል? ማስረከቢያው ቀን መቼ ነው፣ የመጨረሻው ወረቀትስ ለእናንተ የሚደርሰው ከዚያ ስንት ቀን ቀድሞ ነው? የሚመልሱልዎት ከሆነ ከባለቤትዎ ጋር ይውጡ። ‹ዝም ብለሽ አምጪ፣ እኛ እናያለን› ካሉዎት፣ ሌላ ቡድን ይፈልጉ።